ወገቡ የጠፋው ቀሚስ

የዱፊዬ እጅ ወርቅ ነው ይላሉ የጋናዋ ከተማ የኩማሲ ሴቶች፤ ስለ አፏ ሲጠየቁ ግን ወሬ ይቀይራሉ። ልብስ ሰፊ ናት። ከፊት ለፊቷ ሱቅ ያለው ንቲምም ሰፊ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመርፌው በቀር ሲናገር የሰማው የለም። መብራት በጠፋ ቁጥር የከሰል ካውያውን ያውሳታል። ሲቀባበሉ ጣቶቻቸው ይነካካሉ፤ ሁለቱም ካውያው ያቃጠላቸው ያስመስላሉ።

አንድ ቀን አፍሪዬ የምትባል ሙሽራ የሰርግ ቀሚስ ልታሰፋ ከዱፊዬ ጋር ተስማማች። በማግስቱ ሐሳቧን ቀይራ ንቲም ጋ ሄደች። ዱፊዬን ነገሩ ከነከናት። የሰርጉ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ቀሚሱ ከደረት በታች ልቅቅ ብሎ አየችው፤ አላመነታችም።

«ወገቡ የት ገባ? ያገኘ ይመልስ። እኔ ጋ የመጣች ሙሽራ ወገቧ አይጠፋባትም» ብላ ለጠፈችው።

ከተማው ሳቀ። ንቲም ሲያልፍ «ወገብ ፈላጊው» ይሉት ጀመር። ያዘዙ ሙሽሮችም ጨርቃቸውን እየያዙ ሄዱ። እሱ መልስ አልጻፈም። መብራት ሲጠፋ ዛሬም ካውያውን ያመጣል፤ በእጇ መስጠቱን ግን ትቶ ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል።

«ምነው ጎረቤት፣ ምላስህን ድመት በላው እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«ካውያው ግሏል፤ እንዳያቃጥልሽ» ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እዚያው እንደቆመች ናፈቃት።

ወራት አልፈው አፍሪዬ ሆዷን አስቀድማ ዱፊዬ ሱቅ ገባች። የሰፊ ዓይን መለካት ልማዱ ነው፤ የዱፊዬም ዓይን የሆዱን ግፋትና የሰርጉን ቀን አነጻጸረ። አልገጠመላትም።

«አትቁጠሪ» አለቻት አፍሪዬ። «ቤተክርስቲያናችን ያረገዘች ሙሽራ አያጋባም። እናቴም አልሰማችም። ወገቡን ልቀቅልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔስ አልሰፋልሽም ነበር? ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?»

«እጅሽን አምኜው ነበር፣ እህቴ። አፍሽን ነው የፈራሁት።»

ዱፊዬ በርጩማ አቀረበችላት።

«ዛሬስ ለምን ነገርሽኝ?»

«ንቲም ማሽኑን ሸጦ ሌላ ከተማ፣ ታኮራዲ ሊሄድ ነው። እኔ ወጥቼ ብናገር እናቴ ሰው ፊት አትቆምም። አንቺ ያፈረስሽውን አንቺው አቁሚው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዱፊዬ ጽሑፏን አጠፋችው፤ ግን ስንቱ ቀድሞ ገልብጦታል። እውነቱን ብትናገር ልጅቷ ትጋለጣለች፤ ዝም ብትል ንቲም ይሄዳል። ስትጽፍ ስታጠፋ ቆይታ በመጨረሻ እንዲህ ብላ ለጠፈች፦

«ስለዚያ ቀሚስ የጻፍኩት ልክ አልነበረም። ሰፊውን ሳልጠይቅ ፈረድኩበት። ወገቡ የተሰፋው ያዘዘችው እንደፈለገችው ነው፤ የሰፊው የንቲምም እጅ ደህና ነው። የእጅጌው አገባብ ግን ዛሬም አይጥመኝም። እሱንም ቢሆን ሱቁ ሄጄ ልነግረው ይገባ ነበር።»

«ይቺ ልጅ ፍቅር ይዟታል» ብሎ አንዱ ከሥር ጻፈ። እሷም አላስተባበለችም።

ንቲም መንገዱን ተሻግሮ መጣ። መብራት አልጠፋም፤ ካውያም አልያዘም።

«እጅጌው ምን ሆነ?»

«ትከሻው ላይ ይጨማደዳል።»

«አይጨማደድም።»

«ይጨማደዳል እንጂ። ይቅር በለኝ፣ ንቲም። ደግሞ አትሂድብኝ።»

በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ዓይን ዓይኗን አያት።

«ያኔ ሚስጥሩን ብነግርሽ ትጠብቂው ነበር?»

አዎ ልትለው ከጅሏት ነበር።

«አልጠብቀውም» አለች።

ሳቀ፤ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው።

«አሁንስ?»

«ሞክረኛ።»

ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት። ሰዉ ሁሉ ምን እንዳላት ቢጠይቃትም፣ ቢያባብላትም፣ የንቲም ሽማግሌዎች እንደ አገሩ ወግ መጠጥ ይዘው የአባቷን በር እስኪያንኳኩ ድረስ ዱፊዬ ትንፍሽ አላለችም።