በትራድ ጎዳና የወደቀችው ባንዲራ

ጆሳያ ፕሪሎ በሚስ አግነስ ዱቦዝ ግቢ፣ ከድንጋዩ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ቻርልስተን ውስጥ እሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በቅሎ በሚጎትተው ሰረገላ ላይ ተቀምጦ፣ ከየአገሩ ለሚመጣ ጎብኚ የከተማችንን ታሪክ ሲተርክ ያረጀ ሰው ነው።

«አዳልጦት ነው» አለ ቀድሞ የደረሰው ሳጅን ሩፐስ። «ይሄ ደረጃ እኮ ሰው ይጨርሳል! እኔም ከመውደቅ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

መርማሪ ኦዴሳ ማዚክ የያዘችውን የቅቅል ለውዝ ከረጢት አስጨበጠችውና ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የጭንቅላቱ የኋላ ክፍል ተሰብሯል። ደረጃው ላይ ግን አንዲት የደም ጠብታ እንኳ የለችም። ከብረት በሩ ጀምሮ እስከ ደረጃው ድረስ በጠጠሩ ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ የጫማ ተረከዝ ሲጎተት የሚተወው ዓይነት ነው።

«ሩፐስ፣ ደረጃ ላይ አዳልጦት የሚወድቅ ሰው ከበሩ ጀምሮ ይጎተታል እንዴ?»

ሩፐስ ከከረጢቱ የሰረቀውን ለውዝ ማላመጡን አቆመ።

ኦዴሳ ወደ ጎዳናው ወጣች። የነሐሴ ፀሐይ መንገዱን አድርቃዋለች። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ ሥር ግን ገና እርጥብ ነው፤ የሎሚ ሳሙና ሽታም አለው። ድንጋዩ የጥንት እመቤቶች ከሰረገላ ሲወርዱ የሚረግጡት ነበር። ዛሬ ጎብኚ ፎቶ ከማንሳት በቀር ለምንም አይፈልገውም።

ከተማችን ሽታ አትወድም። በቅሎ መንገድ ላይ ስትሸና ነጂው ክብደት የተሰፋባትን ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ቦታው ላይ ይጥላል። የከተማው የውሃ ቦቴ ባንዲራዋን ሲያይ ይቆማል፣ መንገዱን በሳሙና ያጥባል፣ ባንዲራዋን ይዞ ይሄዳል። ማን ጣላት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ኦዴሳ ለቦቴው ነጂ ደወለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያጠብኩት» አለ ሰውየው። «ባንዲራዋ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ድንጋዩ ሥር ነበረች። ‹ዛሬስ በቅሎም እንደ ሰው ዳር ዳሩን መሄድ ጀመረች› ብዬ ስቄ አለፍኩ። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም» አለችውና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ሩፐስ ዞረች። «ደሙን ያሳጠበው በከተማው ቦቴ ነው። ምን ዓይነት ድፍረት ነው!»

ሚስ አግነስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ሻይ አለ፤ አንዱም አልተነካም። ሰረገላዎቹ ከከተማው እንዲወጡ ለዓመታት ሲታገሉ የኖሩ አሮጊት ናቸው።

«ሻዩ ለማን ነው?» አለች ኦዴሳ።

«ለጆሳያ ነዋ። እኔና እሱ ስንሰዳደብ ነው የኖርነው፣ ልጄ። ከሰረገላው ላይ ሆኖ ‹ያች ውብ ቤት ናት፣ እዚያ መስኮት ላይ ያሉት ደግሞ ጠንቋይዋ ናቸው› እያለ ጎብኚውን ያስቅብኝ ነበር። ትናንት ደወለልኝ። ‹ሚስ አግነስ፣ ስለ በቅሎዎቹ የሚሉት እውነት ነው። የታመመች በቅሎ በዚህ ሙቀት እየሠራች ነው፤ ለምክር ቤቱ እመሰክራለሁ› አለኝ። እኔ ውስጥ ሆኜ ስጠብቀው…»

ኦዴሳ ስትወጣ በሩ ሥር የተጠቀለለውን የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በጣቷ ዳሰሰችው። አቧራ ለብሷል።

የሰረገላዎቹ በረት ስትደርስ አለቃዋ ደወለና አንዲት ስም ነገራት፤ ዴልፊን። ጆሳያ ልጓም አያያዝ ያስተማራት ወጣት ነጂ ናት። ትናንት በጎብኚ ፊት «አንተ ሽማግሌ፣ አንድ ቀን አንገትህን ነው የማንቅህ!» ብላ ስትጮህበት ያልሰማ የለም። አለቃው ዛሬውኑ እንድትታሰር ይፈልጋል።

«ለምንድነው የተጣላችሁት?» አለቻት ኦዴሳ።

«በበቅሎዬ በፐርል ነው። ‹ታማለች፣ አታውጫት› አለኝ። ሚስተር ሆሬስ ስትመለስ ሁልጊዜ ሙቀቷን ይለካታል፤ ደህና ናት ብሎኛል። ሽማግሌው ከሥራ ሊያስወጣኝ ነው ብዬ ጮህኩበት።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሚስ ኦዴሳ፣ አባት ማለት ነው ለኔ። የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ከሁሉም ጋር ዕጣ ስጠብቅ ተሰልፌ ነበር። ወደ ሰሜኑ ሰፈር ወጣልኝ፣ ጎብኚዎቼን አዙሬ ተመለስኩ። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ቦታ ሄጄ አለቀስኩ።»

«ማን አየሽ?»

«ሙታን» አለች ዴልፊን።

እኛ ዘንድ ጎብኚ የጫነ ሰረገላ በፈለገበት አይነዳም። ነጂው ከከተማው ጎጆ ፊት ይቆማል፣ ኳስ ይወጣለታል፤ ወዴት ሰፈር እንደሚሄድ የሚወስነው የኳሱ ቀለም ነው። ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ የወጣውን ቀለም ይሰማል፣ ባለ ዕድሉን ያሾፍበታል። ኦዴሳ ጎጆው ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ትራድ ጎዳና ያለበት ሰፈር ቀይ ኳስ ነው፤ በየቀኑ ለአንዱ ይደርሳል። ዛሬ ጠዋት ግን ሬሳው እስኪገኝ ድረስ ለማንም አልወጣም። ጎዳናው ጭር ብሎ የዋለውም ለዚህ ነው።

የበረቱ ባለቤት ሆሬስ ላውተን ፐርልን ውሃ ሲያጠጣ አገኘችው። ድሮ እሱና ጆሳያ ጎን ለጎን ይነዱ ነበር።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ ሚስተር ሆሬስ?»

«ሥራ መች ያልቃል ብለሽ ነው? ድርቆሹ አለ፣ ጫማቸው አለ፣ መንኮራኩሩ አለ…»

በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ኦዴሳ ይህን አላለችም፤ በሆዷ ያዘችው።

«ዕጣው ጋ አልደረሱም?»

«እኔ? እዚያ ጎጆ ከረገጥኩ ዘመን የለውም! በኛ ጊዜ በፈለግንበት ነበር የምንነዳው። አሁን በኳስ ሆነ። ልጅ ጨዋታ!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኦዴሳ ሁሉንም በረቱ ውስጥ ሰበሰበች። ሚስ አግነስ ድርቆሽ ላይ በክብር ተቀመጡ። ዴልፊን የፐርልን አንገት አቅፋ ቆመች። ሩፐስ ካቴናውን ያፍተለትላል፤ ዓይኑ ከዴልፊን አልተነቀለም።

«ጆሳያ የተመታው ደረጃው ላይ አይደለም» አለች ኦዴሳ። «መንገዱ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ነው የወደቀው። ከዚያ ወደ ግቢ ተጎተተ። ደሙ ግን ውጭ ቀረ። ሚስ አግነስ ቢሆኑ ኖሮ በሩ ሥር ጎማ አለላቸው፣ ራሳቸው ያጥቡት ነበር። ጎማው አልተነካም። የቆሸሸ መንገድ ሲያይ እጁ ወደ ባንዲራ የሚሄደው የሰረገላ ሰው ነው።»

«እንግዲህ ያው ነው!» አለ ሩፐስ ወደ ዴልፊን እያየ።

«አትቸኩል። ሰልፉ ላይ የቆሙት ነጂዎች በሙሉ ቀይ ኳስ እንዳልወጣ ያውቃሉ። በቅሎ ባልረገጠው ጎዳና ባንዲራ መጣል ‹ኑና ያዙኝ› ማለት ነው፤ ዴልፊን ይህን አታደርግም። ባንዲራዋን የጣላት የሰረገላን ሥራ የሚያውቅ፣ የዛሬን ዕጣ ግን ያልሰማ ሰው ነው። እንደ ወትሮው አንዱ በዚያ ያልፋል ብሎ ያሰበ።» ወደ ሆሬስ ዞረች። «ጎጆውን ከረገጡ ዘመን የለውም አሉኝ።»

ሆሬስ ሊስቅ ሞከረ። «በኳስ ነው የምትከሺኝ?»

«በፐርልም ነው። የእንስሳት ሐኪም አሁን ለካት፤ በትኩሳት እየነደደች ነው። ትናንት እርስዎ ደህና ናት ያሉት የማንን ሙቀት ለክተው ነው?»

ዴልፊን ከበቅሎዋ አንገት ቀና አለች። «ሚስተር ሆሬስ፣ ደህና ናት ብለውኝ ነበር እኮ። እኔም እሱን ሰደብኩት። እርስዎን አምኜ ሰደብኩት!»

ሆሬስ ለኦዴሳ መልስ አያጣም ነበር፤ ይህን ግን ሊቋቋመው አልቻለም። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጆሳያ ከጀርባዬ ተደብቆ ነገር የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ልመሰክር ነው ብሎ ፊት ለፊት ነገረኝ። ተከትዬው ሄድኩ። በሩ ላይ ለመንኩት። ‹በረቱን ይዘጉታል፣ ሁላችንም መንገድ ላይ ነው የምንወድቀው› አልኩት። ‹እሷስ ብትወድቅ?› አለኝ፤ ፐርልን ማለቱ ነው። ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ሞተ። ባንዲራ መኪናዬ ውስጥ ነበረኝ… ምን ላድርግ? ሞቷል፤ ልመልሰው አልችል!»

ኦዴሳ ይህን ሰው ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ የምትነግረውን ነገር ባትነግረው ደስ ባላት። ፍርድ ቤት ከሚሰማው ግን ከእሷ ቢሰማው ይሻላል።

«አልሞተም ነበር፣ ሚስተር ሆሬስ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ነግሮኛል። ደረጃው ሥር ከተጋደመ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው ትንፋሹ የቆመው። አምቡላንስ ቢጠሩለት ይተርፍ ነበር። እርስዎ የጠሩት ቦቴውን ነው።»

የሆሬስ ባርኔጣ ከእጁ ወደቀ።

«ድረሱልኝ ብሎ ተጣርቶ ይሆን?» አለ።

«የሚሰማው ሰው አልነበረም» አለች ኦዴሳ።

ሆሬስ እጆቹን ወደ ሩፐስ ዘረጋ። ሚስ አግነስ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ፤ ጆሳያ ሲሞት ከእሳቸው የለየው ግድግዳ ብቻ ነበር። ዴልፊን በቁሟ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ዝም በይ ያላት አልነበረም።