የአሥራ አራቱ ሰዓት ጭምብል

«አውልቂው! ቶሎ በይ፣ እንግዳ መጣ!»

አይዚሬክ የእናቷን ድምፅ ስትሰማ እጇ ቀድሞ ላስቲኮቹ ጋ ደርሷል። ግንባሯና አገጯ ላይ የሚያርፈውን የብረት ጭምብል ከላይኞቹ ጥርሶቿ አላቀቀችና ትራስ ሥር ወሸቀችው። ካራኮል ከተማ ውስጥ የእነሱን ቤት ያህል እንግዳ የሚበዛበት ቤት መኖሩን እንጃ! አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ የመጣ ሁሉ ደግሞ እስኪመሽ አይነሳም። ሻይ ቀጂዋ ሁሌም አይዚሬክ ናት።

ጭምብሉን ያዘዘችላት የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ናዝጉል ናት። የአይዚሬክ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው አልፎ ወጥቷል፤ ጭምብሉ የላይኛውን ወደ ፊት እየሳበ ያሳድገዋል። በቀን አሥራ አራት ሰዓት መደረግ አለበት፣ ያውም አሁን፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ አጥንቷ ሳይጠና። ሰዓቱ የሚሞላበት ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። አይዚሬክ በየቀኑ «14» ትጽፋለች። እንግዳ ስለማይጠፋ ግን ሳታወልቀው የምትቆየው ስትተኛ ብቻ ነው፤ ቢበዛ ስምንት ሰዓት።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ናዝጉል ክሊኒኳ ውስጥ መንጋጋዋን ለካች፣ ደግማ ለካች፤ እምብዛም ፈቀቅ አላለም። ከዚያ ከቤት ይዘውላት የመጡትን ወረቀት አየች።

«ስድስት ወር ሙሉ አሥራ አራት ሰዓት?»

«አዎ» አለች አይዚሬክ። እናቷ ወለል ወለሉን ታያለች።

«እንግዲያው አጥንትሽ እምቢ ብሏል ማለት ነው። በከንቱ አላሠቃይሽም፣ እናቆመዋለን። አሥራ ስምንት ሲሞላሽ በቀዶ ጥገና ይስተካከላል።»

ቀዶ ጥገና! ጭምብሉን መገላገሏ ሊያስደስታት በተገባ ነበር፤ ግን ፈራች፣ አፈረችም። አጥንቷ ምን አጠፋ?

«ዶክተር… ዋሽቼ ነው። ስምንት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ አወልቀዋለሁ።»

የእናቷ ፊት ቀላ። «የማስወልቃት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው ልጅቷን በሽተኛ ናት እንዳይላት ብዬ።»

ዶክተር ናዝጉል አልተቆጣችም። ባዶ ወረቀት አወጣች። «ሦስት ወር እንሞክር። ግን እውነቱን ጻፊልኝ። ዕድሜሽ ከዚያ በላይ አይጠብቀንም።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ በሩ ተንኳኳ። የአባቷ ታላቅ እህት እትዬ ሳይራጉል ናቸው፤ እሳቸው ያዩት ነገር እስኪመሽ ከተማውን ያዳርሳል። እናቷ «አውልቂው» ልትል አፏን ከፈተች፤ ጭምብሉን እንዳደረገች የቆመችውን አይዚሬክን አየቻትና መልሳ ዘጋችው።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እትዬ ሳይራጉል ገና ከመቀመጣቸው። «ልጅቷን እንደ ፈረስ ለጎማችኋት እንዴ?»

የአይዚሬክ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ሻዩን ስትቀዳ ሲኒውን እስከ አፉ ልትሞላው ቃጣት፤ በእነሱ ዘንድ ሙሉ ሲኒ «ጠጥተው ይሂዱ» ማለት ነው። ግማሹ ላይ አቆመች፤ በሁለት እጇም አቀረበችላቸው።

«መንጋጋዬን እያስተካከለልኝ ነው፣ እትዬ። ይጫወቱ እንጂ፣ እኔም እስኪነጋ አላወልቀውም።»