ሸኮ ጫካ ውስጥ ልጃችንን የጠራት

ስለ ጂን ሲወራ ከሰው ሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ጁባ በምንሠራበት ሆቴል በረንዳ ላይ አንዱ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምር «ለዚህ ሰውዬ መጠጥ ቀንሱለት» የምል ሰው ነኝ፣ እና እመኑኝ፣ ዛሬ ይህን የማወራችሁ ወድጄ አይደለም።

ለእረፍት ከባለቤቴ ከሰብለና ከትንሿ ልጃችን ከሊዲያ ጋር ሚዛን ተፈሪ ዘመድ ጋ መጥተን ነበር፣ የሥራ ባልደረባዬ ከድርም በዚያው ሰሞን ከጁባ መጥቶ ስለነበር «አጎቴ ሸኮ ጫካ ውስጥ ቡና አለው፣ ውለን እንምጣ፣ ይቺ ልጅ አቧራ ብቻ እያየች ልታድግ ነው?» አለኝና በጠዋት ተነስተን ሄድን።

አጎቱ ጋሽ ሁሴን ገና ከመኪና ስንወርድ «እዚህ ጫካ ውስጥ በስም አንጠራራም» አሉን። «ስትፈላለጉ አፏጩ። ስም ከተጠራ ሌላም ይሰማዋል።»

እኔማ ሳቅኩ። ሰብለ ደግሞ ታውቋት የለ፣ ልጅቷ ትንሽ ፈቀቅ ባለች ቁጥር «ሊዲያ! ሊዲዬ! አትራቂ!» እያለች ጫካውን አናወጠችው፣ ጋሽ ሁሴን በመጨረሻ «ተይ የኔ ልጅ፣ ተይ» ቢሏት «ውሻ ናት እንዴ በፉጨት የምጠራት?» አለች፣ ሁላችንም በሳቅ ፈረስን፣ እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

ከሰዓት በኋላ ከቡናው ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ እየበላን ሳለ፣ ከላያችን ሲንጫጩ የነበሩት ጉሬዛዎች ድንገት ጸጥ አሉ። ቀጥሎ ከታች ከወንዙ በኩል ቅጠል የሚገፋ ሰው ያለ ይመስል ኮሽ አለ።

«ሊዲያ!»

የሰብለ ድምፅ ነው። ሰብለ አጠገቤ ናት፣ አፏ ጎደሬ ሞልቷል። ከድር የጎረሰውን ማኘክ አቆመ።

«ሊዲዬ፣ ነይ የኔ እናት!»

ልጅቷ «አቤት እማዬ!» ብላ ወደ ታች ሮጠች። ሰብለ የጎረሰችውን ተፍታ «እኔ እዚህ ነኝ! ሊዲያ፣ እዚህ ነኝ!» ብላ ጮኸች፣ ልጅቷ ዞራ እናቷን በደንብ አየቻት፣ እመኑኝ በደንብ ነው ያየቻት፣ ከዚያ ፊቷን መልሳ ሩጫዋን ቀጠለች። ደርሼ በቀሚሷ ስይዛት እጄን ነከሰችኝ።

«ልቀቀኝ! እማዬ እየጠራችኝ ነው!»

ጋሽ ሁሴን በእጃቸው አፋችንን እንድንይዝ እያሳዩ ወደ መኪናው ነዱን። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ሰብለ እያለቀሰች «ምንድን ነው እሱ?» አለቻቸው።

«እኔስ ምን አውቄ ልጄ። አባቶቻችን ያስተማሩን ዝም ማለት ብቻ ነው።»

ይኸው ጁባ ከተመለስን ከረመ። ልጅቷ ደህና ናት፣ ትበላለች፣ ትማራለች፣ እኔን አባዬ ትለኛለች። እናቷን ግን «እሷ» ነው የምትላት፣ «እሷ ታጥበኝ?»፣ «እሷም አብራን ትበላለች?»። ሐኪሙ ያልፍላታል አለ፣ ጸበልም ወሰድናት። ሰብለ ማታ ማታ ልጅቷን አስተኝታ ስትወጣ ፊቷን ማየት አልችልም፣ አንጀቴን ትበላኛለች።

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ሰብለ አላስቻላትም፣ ልጅቷ ፊት ተንበርክካ «ሊዲያ፣ የኔ እናት፣ እኔ ነኝ እኮ፣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ» አለቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ ቤት የመጣ እንግዳ እንደምታባብል ሁሉ ትንሿን እጇን ሰብለ አፍ ላይ አድርጋ «ሽሽ፣ ቀስ በይ» አለቻት፣ «እማዬ እየጠራችኝ ነው፣ በአንቺ ለቅሶ መስማት አቃተኝ።»

ሰብለ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «ሰማህ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም» አልኳት።

ለናንተ ግን ምን ያስዋሸኛል፣ ሰምቻለሁ። ከጓሮ በኩል ነበር፣ የሰብለ ድምፅ ነው፣ ሰብለ ደግሞ እግሬ ሥር ተንበርክካ ታለቅሳለች።