የተሰረዘው ካርቶን

ሚሊ ሁለቱን ካርቶኖች ደርባ ወደ መስኮቱ አነሳቻቸው። ብርሃን በስድስቱም ቀዳዳ እኩል አለፈና ደረቷ ላይ ስድስት ክብ ነጥቦች አረፉ። አንዱም አልተዛነፈም።

አንደኛው ካርቶን የራሷ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ለክታ፣ በራሷ መቀስ የቆረጠችው። ሌላውን ያገኘችው ግን አሁን ነው፤ የላስቲክ ቀለበት ስትፈልግ፣ ከመጨረሻው የመኪና ዕቃ ሣጥን ወለል ላይ። ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙም በርጥበት አብጧል። ከእሷ ካርቶን በብዙ ዓመት ይበልጣል።

«ሦስተኛው» አለች ለራሷ። ሰው በሌለበት ጋራዥ ውስጥ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

የሚሊ አጎት፣ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ከስምንት ወር በፊት በዘጠኝ ሣጥን የታጨቀች ባለ ሁለት ወንበር መኪና ከአንዲት ሴትዮ ገዝቶ አመጣ። እንዲህ ዓይነቷ መኪና ከፋብሪካ የምትወጣው ተበታትና ነው፤ መገጣጠሙ የገዢው ፈንታ ነው። አጎቷ «ተነድታ ታውቃለች?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሴትዮዋ «ኧረ በጭራሽ!» ብለው ነበር። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ግን ብዙ ዕቃ ጎድሎ ተገኘ። የጎደለውን መንደፍ የሚሊ ሥራ ሆነ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ «ሚሊ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላት ለአንዲት ሚሊሜትር ከአጎቷ ጋር ግማሽ ቀን ስለምትጨቃጨቅ ነው። እሷ ትለካለች፣ በካርቶን ትሞክራለች፤ ከዚያ አብረው ላሜራ ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ፣ ያጥፋሉ።

መጀመሪያ የሠራችው ዳሽቦርዱን ነበር። ከተገጠመ በኋላ አንድ አሮጌ ካርቶን ከወንበሩ ስፖንጅ ውስጥ ወጣ፤ ቁርጥ የእሷን ዳሽቦርድ። ቀጥሎ የስፖኪዮው መያዣ፤ እሱም እንደዚያው። ለሁለቱም ለራሷ መልስ ሰጥታ ነበር፤ ቦታው አንድ ነው፣ ማስመሪያው አንድ ነው፣ ስለዚህ ቅርጹም አንድ መሆኑ አይደንቅም። ያልተመለሰላት ጥጉ ነው። ሚሊ በእያንዳንዱ ሥራዋ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ግማሽ ክብ ትቆርጣለች፤ ለምንም አይጠቅምም፣ ደስ ስለሚላት ብቻ። በአሮጌዎቹ ካርቶኖች ጥግም ያች ግማሽ ክብ አለች።

ለማንም አልተናገረችም። አጎቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእህቴ ልጅ እኮ መሐንዲስ ናት!» እያለ ሲያወራ ከርሟል። ካርቶኖቹን ቢያያቸው «ኮርጃ ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

ይህ ሦስተኛው ግን የፍሬን ፔዳሉ መያዣ ነው። ደግሞም በቀይ እርሳስ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰርዟል፤ ሰራዡ እጅግ ተጭኖ ኖሮ ካርቶኑ መሐሉ ላይ ተቀዷል።

ሚሊ ወደ መኪናዋ ዞረች። የሠራችው መያዣ ከፔዳሉ በላይ ተገጥሞ ያብረቀርቃል። ገብታ ተቀመጠችና ፍሬኑን በቀስታ ረገጠችው። ምንም የለም። ደግማ ረገጠችው። ከውስጥ፣ ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ጥፍር እንደሚሰበር ያለ ድምፅ መጣ፤ «ቀጭ»።

ክው ብላ ወረደች፤ ሁለቱን ካርቶኖችም ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ሚሊዬ!» አጎቷ የቤንዚን ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ። «በቃ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋን ልንሞክር ወደ ሜዳው እንወጣለን። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ። ምነው፣ ፊትሽ እንዲህ የገረጣው?»

«ምንም። ጓደኛዬ ጋ ደብተር ረስቼ ነው፤ መጣሁ።»

«ዛሬ ደብተር? ጤነኛ ነሽ?»

ቦርሳዋን አንግታ ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። የሴትዮዋን ቤት ታውቀዋለች፤ ሣጥኖቹን ሲያወጡ አግዛለች።

በጠራራ ፀሐይ የቤቱ መጋረጃዎች ሁሉ ተዘግተዋል። ሴትዮዋ በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱ፤ ዓይናቸው ሚሊ የዘረጋችው የተሰረዘ ካርቶን ላይ ሲያርፍ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልጄ፣ ይሄን ወደዚህ ቤት አታምጪው። ሂጂ።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ማን ነው የሰረዘው?»

ሴትዮዋ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ከውስጥ የእግር ኮቴ ተሰማ። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ ይጎተታል። ሚሊ ሳታውቀው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ተዪ እማዬ፣ ክፈቺላት።»

ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ወጣት ከጨለማው ኮሪደር ብቅ አለች። ጆሮዋ ላይ እርሳስ ሰክታለች። የሚሊ እጅ ወደ ራሷ ጆሮ ሄደ፤ እሷም ሰክታ ነው የመጣችው።

ወጣቷ ካርቶኑን ተቀበለች፤ ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። «የእኔ ነው» አለች። «ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ይገጥማል፣ እኔ እነድፋለሁ።» ከዚያ ሚሊ የያዘችውን ሁለተኛውን አየች። «ይሄስ?»

«የእኔ ነው። የአንቺን ሳላየው ነው የሠራሁት። እውነቴን ነው።»

ወጣቷ ሁለቱን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። አውራ ጣቷን ግማሽ ክቧ ላይ አሳረፈች። «ጥጉን ለምን እንዲህ ቆረጥሽው?»

«እንጃ። እጄ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል።»

«የእኔም» አለች ወጣቷ በለሆሳስ። ከዚያ የተሰረዘውን ካርቶን ወደ ሚሊ አስጠጋችው።

«ስሚኝ» አለች። «ሁለቱ ቀዳዳዎች ለመታጠፊያው በጣም ቀርበዋል። ላሜራው እዚያ ጋ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፤ በዓይን አይታይም። የመጀመሪያውን ቀን በሰላም ነዳነው። በሁለተኛው ቀን ቁልቁለት ላይ አባቴ ፍሬኑን ሲረግጥ ፔዳሉ እግሩ ሥር ወደቀ። ከቦይ ገባን። እሱ ምንም አልሆነም። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።» ቀኝ ጉልበቷን መታ መታ አደረገችው፤ እንደ እንጨት ደርቋል፣ አይታጠፍም። «ያን ማታ ነው የሰረዝኩት። አባቴም መኪናዋን ፈታትቶ፣ እኔ የነደፍኩትን ሁሉ ጥሎ፣ የቀረውን በሣጥን ከተተው። አሁን እሱም የለም።»

ከጀርባዋ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። «ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት» አሉ። «እውነቱን ብናገር ማን ይወስዳታል ብዬ። ከቤቴ እንድትወጣልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

ሚሊ ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ። ካርቶኖቹን ከወጣቷ ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ብስክሌቷን እንዴት እንደነዳችው አታስታውስም። ጋራዡ ጋ ስትደርስ ሞተሩ ተነስቷል፤ አጎቷ መሪውን ጨብጦ መኪናዋን ወደ በሩ እያወጣ ነው። ሚሊ ብስክሌቷን ጥላ ፊት ለፊቱ ቆመች። መኪናዋ ጉልበቷ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አብደሻል እንዴ!»

«አጥፋው አጎቴ። ውረድ።»

ሞተሩ ሲጠፋ ዝምታው ጆሮዋን ደፈነው። ቦርሳዋን ከፍታ ሦስቱንም አሮጌ ካርቶኖች ወለሉ ላይ ደረደረችለት። ሁሉንም ነገረችው፤ የወጣቷን እግር፣ የሴትዮዋን እንባ፣ ካርቶኖቹን ለሁለት ወር መደበቋንም ጭምር።

አጎቷ ተንበርክኮ እያንዳንዱን ከሚሊ ሥራ ጋር አስተያየ።

«አልኮረጅኩም» አለች።

«እኔ መች ኮረጅሽ አልኩ» አለ፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ባትሪ አብርቶ፣ ቡሎን መፍቻ ይዞ ከፔዳሉ ሥር ተጋደመ። «ንጹህ ነው» አለ ከዚያው ሆኖ። «አንድም ስንጥቅ አይታየኝም። እኔ የሠራሁት ነው እኮ ሚሊ። ቢያንስ ሜዳው ድረስ...»

ሚሊ ቡሎን መፍቻውን ከእጁ ወሰደች። ስድስቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈታች፤ መያዣውን አወጣችና በመስኮቱ ብርሃን አየችው። እውነትም ንጹህ ነው። ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ በተገጠመው የብረት መያዣ፣ በሞርሳው፣ መንጋጋ መሐል አስገባችው፤ የብረት መጋዙን ከግድግዳው አወረደች።

«ቆይ እንጂ» አለ አጎቷ ተነስቶ። «ሌላ እስክንሠራ እንኳ ይቀመጥ።»

«ካስቀመጥነው አንድ ቀን አንድ ሰው ይገጥመዋል።»

መጋዙን መታጠፊያው ላይ አሳረፈች። ላሜራው ተንሸራተተባት።

«አጥብቅልኝ» አለችው።

አጎቷ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ መጥቶ የሞርሳውን እጀታ ዞር አደረገላት።