ወደ ኋላ ዙር

«ቀስ በል፣ ሰው ልትገጭ ነው!» አለች ኢልሀም።

«አቦ አታካብጂ! ስኩተር እኮ ነው፤ የከላላ ገበያ በቅሎ መሰለሽ?» ብሎ ሳቀ ጀብሪል።

ጀብሪል ታላቅ ወንድሟ ነው። ዱባይ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ከተቀጠረ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ዛሬ እሑድ ዕረፍቱ ስለሆነ ስኩተር ተከራይቶ፣ ስልኩን እጀታው ላይ አስሮ፣ ከተማዋን በኢሞ ያሳያታል። እሷ መካነ ሰላም፣ ከቤታቸው ጀርባ ያለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣለች። ኔትወርኩ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው።

በዙሪያዋ ጉም እየወረደ ነበር። ስልኩ ውስጥ ግን ፀሐይ ነው፤ መስታወት የለበሱ ፎቆች፣ ውኃ ዳር የታሰሩ የእንጨት ጀልባዎች። ጀብሪልም ከተማዋን አያውቃትም። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ይገባል።

ጠባብ መንገድ ውስጥ ታጠፈ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ጥቁር የለበሰች ሴት ቆማለች። ፌስታሏን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ አንገቷን ወደ ግራ ሰበር አድርጋለች። አለፋት።

ኢልሀም ያንን አቋቋም ታውቀዋለች።

«ወደ ኋላ ዙር።»

«ምን አየሽ?»

«ፈንታዬን።»

ጀብሪል መንዳቱን አላቆመም። «ኢልሁ፣ በዚህ አይቀለድም።»

«ዙር ነው የምልህ!»

ፈንታዬ የሁለቱም ታላቅ ናት። ኢልሀም ሦስተኛ ክፍል ሳለች ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ። በኋላ አንዲት ከስደት ተመላሽ «ታማ ሆስፒታል ገብታ ሞተች ሲሉ ሰማሁ» አለች። ሬሳ አልመጣም። ቢሆንም መርዶው ተነገረ፣ ተለቀሰ። ከዚያ በኋላ ማን ይመረምራል? ሐዘን የተቀመጠን ሰው «እርግጥ ነው ወይ?» ማለት ነውር ነው። እናታቸው የልጇን ልብስ ለድሃ ሰጠች። በየዓመቱም ሰደቃ ታወጣላታለች። የዘንድሮው ነገ ነው።

ስኩተሩ ቆመ። ሴትየዋ የሐበሻ ፊት ስታይ ልትሄድ ተነቃነቀች።

«ፈንቱ» አለ ጀብሪል።

ባለችበት ቀጥ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ጀብሪል ስልኩን ከእጀታው ፈትቶ ወደ እሷ አዞረው።

ኔትወርኩ ቆረጥ አደረገና የሴትየዋ ፊት ስልኩ ላይ ባለበት ደረቀ። አፏ ገርበብ ብሏል፤ ዓይኗ አይርገበገብም። ኢልሀም የሬሳ ፊት አይታ አታውቅም፤ እንዲህ ሊሆን ይችላል ብላ አሰበች። ከዚያ ምስሉ ተንቀሳቀሰ።

«አድገሻል» አለች ፈንታዬ።

«በሕይወት አለሽ እንዴ?»

«ይሄ አለሁ ከተባለ። ከአሠሪዎቼ ጠፋሁ፣ ታሰርኩ። ስወጣ ለቅሶዬን እንደተቀመጣችሁ ሰማሁ። ልደውል፣ ነገ ልደውል ስል ዓመት አለፈ። ከዚያስ ምን ብዬ? እማዬ አልቅሳ ጨርሳለች።»

«አልጨረሰችም» አለች ኢልሀም።

ፈንታዬ ፊቷን አዞረች። «አትንገሯት። ባዶ እጄን ከምታየኝ ሞቼ ብቀር ይሻላል። ማሉልኝ።»

ጀብሪል እያለቀሰ «ወላሂ» አለ።

«አንቺም ማይ፣ ኢልሁ።»

ኔትወርኩ ደህና ነበር። ኢልሀም ራሷ ቀዩን ምልክት ተጭና ዘጋችው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። አላነሳችም።

«አንቺ ልጅ! ጉም ውስጥ ምን ጎለተሽ? ነይ ሽንኩርት ክተፊ፤ ነገ እኮ ሰው ይመጣል!» ብላ እናቷ ተጣራች።

ገብታ መክተፍ ጀመረች። እናቷ ምስር እየለቀመች ነው።

«ሌሊት አየኋት» አለች ቀና ሳትል። «ፈንታዬን። በረደኝ ትለኛለች። ለሙት ምን ይደረጋል? ዱዓ ነው እንጂ።»

ኢልሀም ቢላዋውን አስቀመጠች። ነገሩ አፏ ድረስ መጣ። ግን እናቷ ይህን በምን አቅሟ ትሰማዋለች? ሞት ደንብ አለው። ሽማግሌዎች ሳይነጋ ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ፤ ሐዘንተኛው ደጋፊ ከብቦት መርዶውን ይሰማል። ሞተ የተባለ ሰው ሲገኝ ግን ደንብ የለውም።

«አባ አህመዲን ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች።

አባ አህመዲን ያን ጊዜ መርዶውን የነገሩት ሽማግሌ ናቸው። ደጃፋቸው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እናትሽን የነገውን ዱዓ አልረሳሁም በያት» አሉ።

«ለሱ አይደለም የመጣሁት፣ አባ።»

ነገረቻቸው። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

«ልጅቱ አትንገሩ ብላለች አላልሽም?»

«ብላለች። እኔ ግን አልማልኩም።»

«እንግዲያው ነገ ሳይነጋ ሽማግሌዎቹን ይዤ እመጣለሁ።»

«አይሆንም! ሳይነጋ ካንኳኳችሁ እማዬ በሩን ሳትከፍት ትሞትብኛለች። የጀብሪል መርዶ ነው የሚመስላት። አሁን እንሂድ፣ በብርሃን። ደግሞ በሩ ጋ ሳንደርስ ጮክ ብለው ይሳቁ።»

«እኔ?» አሉ አባ አህመዲን። «እኔ ስስቅ ሰምታኝ ታውቃለች?»

«ይሞክሩ» አለች ኢልሀም፤ ምርኩዛቸውን አንስታ አቀበለቻቸው።