ስለ «ሱሪ አልባው ቤት» የተሰጡ አስተያየቶች

ላይል ፕረንትኪ የሞተው ሕዝብ እየሳቀ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሄብሮን ፎልስ ከተማ በኦሪዮን ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ለዓመታት ተዘግቶ በኖረው ሰገነት ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የሰልፍ ገመድ የሚወጠርበት የነሐስ ምሰሶ ወድቋል፤ የምሰሶው መቀመጫ ደም ነክቶታል። ከሰገነቱ በታች ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች እርሳስ ይዘው፣ ገና ለገበያ ያልወጣውን ፊልሙን እንዴት እንዳገኙት ካርድ ላይ ይጽፉ ነበር። ፊልሙን፣ «ሱሪ አልባው ቤት»ን፣ የጻፈውም ያዘጋጀውም እሱ ነው።

በማግስቱ እሑድ መርማሪ ቬርና ኮልቤክ ካርዶቹን በሳጥን ይዛ ከፈንዲሻው ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ታነባለች። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ እግሯ ስላበጠ ጫማዋን አውልቃለች። ከሠላሳ ዓመት የፖሊስ ሥራ በኋላ ስለ ሰው ልጅ ብዙ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። ካርዶቹ ግን አሁንም የሚማሩት ነገር እንዳለ አስረዷት።

«ፍየሏ ከሁሉም የተሻለች ተዋናይ ናት» ይላል አንዱ። «ቂጥ በዛ» ይላል ሌላው፤ የሚቀጥለው ደግሞ «ቂጥ አነሰ» ይላል። «እናቴ እንዳትሰማ እንጂ ደግሜ አየዋለሁ።» «የበረዶ ቤቱ ላይ በሳቅ ሞትኩ።» ቬርና ይህኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ለብቻው አስቀመጠችው።

ፊልሙ ስለ ኮሌጅ ተማሪዎች የወንድማማች ማኅበር ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ ይጠጣሉ፣ ይራቆታሉ፣ የኮሌጁን ዲን ፍየል ይሰርቃሉ። ከተማዋ የኮሌጅ ከተማ ስለሆነች ነው መጀመሪያ እዚህ ተፈትኖ ይታይ የተባለው።

ሸሪፍ ራንድል ጎርስ ባርኔጣውን እንዳደረገ ባንኮኒውን ተደገፈ።

«ቬርና፣ ምን ታነቢያለሽ? ገዳዩ ታውቋል እኮ። ሰገነቱ ላይ የሚያወጣው ወይ በአዳራሹ ጥግ ከመጋረጃው ኋላ ያለው ደረጃ ነው፣ ወይ የፊልም ኦፕሬተሩ የኦርቫል ክፍል በር። ኦርቫል ከሟቹ ጋር ተጣልቷል፤ በሩም የሱ ነው።»

«ለምንድነው የቸኮልከው?»

«ጋዜጠኛ መጥቷል። አሥር ሰዓት ላይ ኦርቫልን እወስደዋለሁ።»

«ኦርቫል ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እስር ቤት ካስገባኸው በሕይወት አይወጣም።»

«እንግዲያው እስከ አሥር ሰዓት ሌላ ሰው አምጪልኝ» አለና ፈንዲሻ ዘግኖ ሄደ።

ቬርና ጫማዋን እያቃሰተች አጠለቀች። የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዳግማር ፔል መተላለፊያውን ይጠርጉ ነበር፤ ትናንት ፈንዲሻ ሲሸጡ ከባንኮኒው ንቅንቅ እንዳላሉ ግማሹ ከተማ መስክሮላቸዋል።

«ከውጭ የገባ ሰው የለም?» አለቻቸው።

«በኔ ፊት አልፎ? ዝንብም አልገባ። አዳራሽ ውስጥ ሟቹን የሚያውቁት ያ ሆዱን የሚያመው ፕሮዲውሰርና የኛ ክቡር ጠበቃ ናቸው። ላይ ደግሞ ኦርቫል አለ።» ወይዘሮዋ መጥረጊያውን አቆሙ። «ኦርቫል ሰው አይገድልም። ሲያስነጥሰው እንኳ ፊልሙን ይቅርታ ይጠይቃል።»

ኦርቫል ቲንካም ክፍሉ ውስጥ በሁለቱ የፊልም ማሽኖች መሀል ተቀምጦ ነበር። ስድስት የፊልም ጥቅሎች በየጣሳቸው ተደርድረዋል፤ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በግራ ማሽን በኩል፣ ሙሉዎቹ በቀኝ። ግድግዳው ላይ ከጣሪያ እስከ ወለል በእርሳስ የተጻፈ ዝርዝር አለ፤ ባርባ አንድ ዓመት ውስጥ ያሳያቸው ፊልሞች ስምና ቀን፣ በያንዳንዱ ጫፍም «ያለ እንከን» የሚል ቃል። የመጨረሻው መስመር ላይ የትናንቱ ፊልም ስም አለ። ጫፉ ባዶ ነው።

«ከላይል ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ፊልሙን ብቻውን ሰገነቱ ላይ ሆኖ ያይ ነበር፤ ሁለተኛው ጥቅል ሊያልቅ ሲል በሰገነቱ በር መጣና ድምፅ ጨምር አለኝ። አንተ ሽማግሌ፣ ጆሮህም እንደ ቤቱ አርጅቷል አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጨመርኩ። በሩን ዘጋሁ።»

«ከዚያስ?»

«ሥራዬን ሠራሁ፤ እንደ ሁልጊዜው።» ዓይኑን ወደ ጣሳዎቹ አዞረ። «ከማሽኔ አልተለየሁም፣ ቬርና። ሌላ የምነግርሽ የለም።»

«ይወስዱሃል እኮ ኦርቫል።»

«ይውሰዱኛ።»

እልኸኛ ሰው ሲገጥማት ድካሟ ይብስባት ነበር። ግድግዳውን እየተደገፈች ደረጃውን ወረደች።

ፕሮዲውሰሩን ግሌን ሃስተርን የሆድ መድኃኒት እያኘከ አገኘችው። ትናንት አዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ራቅ ብሎ፣ የተመልካቹን ሳቅ በቴፕ ሲቀዳ ነበር።

«ሳቅ ነው የምቆጥረው» አላት። «የት እንደሳቁ፣ ስንት ሰከንድ እንደሳቁ። ካርድ ላይ ሰው ይዋሻል፤ ቴፕ አይዋሽም።»

«መሀል ላይ ውሃ ሊጠጡ ወጥተው "ይህን ሰውዬ እገድለዋለሁ" ብለዋል ይባላል።»

ሃስተር ማኘኩን አቆመ። «ፕሮዲውሰር ነኝ እኮ። በቀን ሦስቴ እለዋለሁ።»

«ትናንት ምን አድርጎዎት ነው?»

«የሥራ ጉዳይ ነው። ጠበቃ ሳይኖር አልናገርም።»

«ቴፑን ግን ይሰጡኛል።»

ቴፑን ሰጣት። ቬርና ከዚያ የከተማዋን ጠበቃ ሆሊስ ብራንትን ጠራችው። ብራንት ለግዛቲቱ ምክር ቤት የሚወዳደር፣ ደረቱ ላይ «ለጨዋ ቤተሰብ» የሚል ምልክት የሰካ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ገና ሳትጠይቀው እጇን ጨብጦ ስለ እግሯ ጠየቃት።

«ካርድዎን አየሁት» አለችው። «ከሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ስሙን የጻፈ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«የምደብቀው የለኝማ።»

«ለጨዋ ቤተሰብ የሚወዳደር ሰው እንዲህ ባለ ፊልም ላይ ሲፈርም ገርሞኝ ነው።»

ሳቀ። «ላይል የማኅበር ወንድሜ ነው፤ ድሮ አብረን ነው የተማርነው። ሊከበር ይገባዋል ብዬ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከመቀመጫዬ አልተነሣሁም።»

«ከሁሉ ያሳቀዎት የቱ ነው?»

«ወፍራሙ ልጅ! ከኮሌጁ ይባረራል፤ ጓደኞቹ ጥቁር ለብሰው፣ ባዶ ሬሳ ሣጥን ተሸክመው ያለቅሱለታል። ከዚያ በመነኩሲት ልብስ በመስኮት ዘሎ ሲገባ አዳራሹ ተናወጠ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።»

«የበረዶ ቤቱስ?»

«እሱ ያን ያህል አላሳቀኝም።»

«ዴኒ ሩዝን ያስታውሱታል?»

ብራንት ደረቱ ላይ ያለውን ምልክት ነካካው። «ያ አደጋ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሆነው።»

ቬርና ታስታውሰዋለች። ዴኒ ሩዝ ወደ ማኅበሩ ሊገባ የሚፈተን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ በጥር ወር ከማኅበሩ ቤት ኋላ ባለው አሮጌ የበረዶ ማከማቻ ውስጥ ደርቆ ተገኘ። ሰክሮ ራሱ ገብቶ ነፋስ በሩን ዘጋበት ተባለ። ያንን ሪፖርት በታይፕ የመታችው እሷ ናት። በሩ ከውጭ በቁልፍ እንደሚዘጋ ያኔም ታውቅ ነበር፤ የሚጠይቃት ግን አልነበረም፣ እሷም አልተናገረች። በላይል ፊልም ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አዲሱን ልጅ በረዶ ቤት ይቆልፍበታል። በፊልሙ ልጁ በማግስቱ ጺሙ በረዶ ሠርቶ ይወጣል፤ ሰውም ይስቃል።

ካርዶቹን ዳግመኛ ፈተሸች፤ ከዚያ ቴፑን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከሟቹ ቦርሳ የተገኘውን የፊልሙን ጽሑፍም ገልጣ በየኅዳጉ የተጻፈውን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ወይዘሮ ዳግማር መጥረጊያቸውን አልለቀቁም። ኦርቫል ለብቻው፣ ሃስተርና ብራንት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቬርና መቆም ስላቃታት መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኦርቫል፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ» አለች። «የደበቅከኝን ልናገር ነው።»

«ተይው ቬርና።»

«አልተወውም።» ካርዶቹን አነሣች። «ይህ ምንድነው? "መነኩሲቱ ምኗ ያስቃል?" ይላል። "ወፍራሙ ልጅ ሳይባረር ለምን በመስኮት ተመልሶ ገባ?" ይላል ይሄኛው። "ጓደኞቹ ከሞት የተነሣ ይመስል የተንጫጩት ምን ሆኖ ነው?" አሥራ ዘጠኝ ሰው እንዲህ ጽፏል። መጀመሪያ ሰክረው ነው ብዬ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሰው ግን አንድ ዓይነት ስካር አይሰክርም።»

ኦርቫል አንገቱን ደፋ።

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ "ያለ እንከን" እያለ ግድግዳው ላይ የጻፈ ሰው ትናንት አልጻፈም። ለምን?»

 ኦርቫል ቀና ሳይል መለሰ።

«ሰደበኝ። ተናደድኩና ያገኘሁትን ጣሳ አነሣሁ። አራተኛውን ከሦስተኛው አስቀደምኩት። ሳውቀው ረፍዶ ነበር፤ ሦስተኛውን አስከትዬ አሳየሁት። ያን ጊዜ ሁሉ ከማሽኑ ሥር ተቀምጬ ማን መጥቶ በሩን ያንኳኳል እያልኩ ነበር።»

«እሱ ነው እንዴ?» አለ ሃስተር ብድግ ብሎ። «እኔ ላይል ውላችንን ጥሶ ቅደም ተከተሉን የቀየረው መስሎኝ! ስለዚህ ነው እገድለዋለሁ ያልኩት። ብናገር ደግሞ ምክንያት ይሆንብኛል ብዬ…»

«ይቀመጡ አቶ ሃስተር። እርስዎም ገብቶዎታል፣ ኦርቫልም ያውቃል፤ ሁለታችሁም በየምክንያታችሁ ደበቃችሁ። የጥቅሎቹ ቅደም ተከተል የተዘበራረቀው አርባ ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ ነው፤ ላይልም የሞተው ያ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኦርቫልን ሲሰድብ በሕይወት ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ሞቷል።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «አሁን የእርስዎ ተራ ነው። ልጁ መጀመሪያ ተባረረ፣ ተለቀሰለት፣ ከዚያ ተመለሰ ብለውኛል። ትናንት እዚህ የታየው ተገላቢጦሹ ነው።»

ብራንት ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ኮልቤክ፣ በእርስዎ ሒሳብ አንድ መቶ ዘጠና አምስት ሰው ምንም አላስተዋለም። እኔም ካላስተዋሉት ነኝ። ይህ ወንጀል ነው?»

«አለማስተዋልማ ወንጀል አይደለም። አዳራሹ ተናወጠ ብለውኛል እኮ።» የቴፑን ማጫወቻ ተጫነችው። መስኮት ሲከፈት፣ የወፍራሙ ልጅ እግር መሬት ሲመታ፣ ጓደኞቹ ሲንጫጩ ተሰማ። ከዚያ ምንም የለም። አንድ ሰው አሳለ። አንዲት ልጅ «ምን ሆኑ?» አለች።

«እስቲ የሴትዮዋን ሳቅ ያሰሙኝ» አለች ቬርና።

ማጫወቻውን አጠፋችው።

«ሳቁን አልሰሙትም፤ ይኖራል ብለው ገመቱ። ጽሑፉን ከሁለት ወር በፊት አንብበውታል፤ ላይል ልኮልዎት ነበር። የበረዶ ቤቱ ገጽ ኅዳግ ላይ "ይህን አውጣ" ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ ካርዱ ላይ ከፈረሙት ጋር አንድ ነው። የበረዶ ቤቱን ሁለተኛው ጥቅል ላይ እዚህ ተቀምጠው አዩ፤ ከዚያ በመጋረጃው ኋላ ወጡ። ሲመለሱ አምስተኛው ጥቅል ተጀምሯል። ቁጭ ብዬ ነበር ለማለት ስምዎን ጻፉ። ባይጽፉ ኖሮ ካርድዎን ከማን ካርድ እለየው ነበር?»

ጠበቃው ሸሪፉን አየ፤ ሸሪፉ ሰዓቱን ማየት ትቷል። ብራንት ሲናገር እንደ ተወዳዳሪ አልነበረም፤ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ነበር።

«ላይል ፊልሙ ላይ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ አሳየኝ። ከማኅበሩ ውስጥ ቁልፍ እንዲያ የያዘ እኔ ብቻ ነኝ፤ የዚያ ዘመን ልጅ ሁሉ ያውቀኛል። አውጣው ብዬ ለመንኩት። "ሰምተሃቸዋል አይደል? ሳቁ እኮ። የሳቀ ሰው አይጠይቅም" አለኝ። ወደ ማሳያው ዞረ። ምሰሶው እጄ አጠገብ ነበር።» ምልክቱን ከደረቱ ላይ ነቀለ። «ዴኒን ለአንድ ሰዓት ነበር የቆለፍኩት። ጠጥቼ ነበር፤ ረሳሁት።»

ሸሪፉ ይዞት ወጣ። ሃስተር ጥቅሎቹን ለማስጫን መኪና ፍለጋ ሄደ፤ ወይዘሮ ዳግማርም መብራት ሊያጠፉ ተነሡ። ኦርቫል ከመቀመጫው አልተነሣም። ቬርና እየጎተተች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከተማው ሁሉ ይሰማዋል» አላት።

«ይሰማል። ግን ቤትህ ታድራለህ።»

«ስንት ሰው ነው ያወቀው አልሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«የቀሩትስ?»

«የቀሩትማ ወደውታል።»

ኦርቫል ባዶውን ነጭ ሸራ ሲያይ ቆየ። እስር ቤት እንኳ እንዲህ የሚያሳምመው አይመስልም ነበር። «አንድ መቶ ዘጠና አምስት ሰው። ዓይኑን ከፍቶ ተቀምጦ። እና እኔ አርባ አንድ ዓመት ለማን ነበር የምጠነቀቀው?»

«ለአሥራ ዘጠኙ።»

«ጥቂት ናቸው።»

«ለዴኒ ሩዝ አንድም ሰው አልነበረለትም» አለች ቬርና። «አንዷ እኔ መሆን ነበረብኝ።»