የአሮጌው መልስ ደንበኛ

ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ስሜነሽ አረጋ እግሯን ለብ ባለ የጨው ውሃ ነክራ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የላሊበላን ዳገት የወጣ ጉልበት በጨው እንደማይመለስ ጎረቤቶቿ ያልነገርናት ቀን የለም። ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ ስልኩን አየች፤ ቀጥላ ውሃውን አየች።

«አቤት።»

«እትዬ ስሜነሽ፣ አለሜ ነኝ፣ የብራና ቤቱ ዘበኛ። ቃለሕይወት ከደረጃው ወድቆ... ቶሎ ይምጡ!»

«ይተነፍሳል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው እግሬን አድርቄ ልምጣ» አለችና እግሯን ከውሃው አወጣች።

ብራና ቤት የምንለው በድንጋይ የተሠራ ባለ ፎቅ ክብ ቤት ነው፤ ወደ ላይ የሚያስወጣው ደረጃ በውጭ በኩል ነው። የላስታ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍታቸውን እዚያ ፎቶ ያስነሳሉ። ምስሎቹን የሚጠብቀው ኮምፒውተር፣ እኛ ማሽኑ የምንለው፣ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ ለማንም አያሳይም። ይህን የፈቃድ መንገድ የሠራው የሠላሳ አንድ ዓመቱ ቃለሕይወት ነበር። አሁን ከደረጃው ግርጌ በደረቱ ተደፍቶ ተኝቷል።

ስሜነሽ ጉልበቷ እየጮኸ ተንበረከከች። ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ልብሱ ከጀርባው ደረቅ ነው። እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ አለ።

«ጫማው የታለ?»

«ላይ፣ በሩ ሥር። እዚህ ቤት ሁሉም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባ፤ ብራና አለበታ» አለ አለሜ።

«ዝናቡ መቼ ነው ያባራው?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። እኔ ከዚያ ወዲያ ሱቅ ደርሼ ነው የመጣሁ። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላየሁም፤ አይቆጡኝ።»

«መቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ አለሜ።»

ደረጃው ላይ ውሃ አቁሯል። የካልሲው ሥር ግን ደረቅና ንጹሕ ነው። ይህን ደረጃ በካልሲ የወረደ ሰው እግሩ ሳይርስ አይቀርም። ስሜነሽ ቀና ብላ የፎቁን ደፍ አየች።

«ይህ ሰው አልተንሸራተተም» አለች ለራሷ። «ላይ ተመትቶ ነው የተጣለው።»

እሑድ ከቀብር መልስ የዞኑ አለቃዋ ደወሉ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጣልቶ ነበር አሉ። ማኅሌት የምትባል። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጸብ ሁሉ ቢገድል ኖሮ እኔና ባሌ እስካሁን በሕይወት ባልኖርን፣ ጌታዬ።»

«ቀልዱን ተይው። ነገ ስምንት ሰዓት መኪና ይመጣል። ሌላ ሰው ካላገኘሽ እሷን ጭነሽ ትልኪያለሽ።»

ማኅሌት ከለቅሶው ድንኳን ውጭ ከግንብ ተጠግታ ቆማለች። የሟቹ እናት ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ «ያቺን ልጅ እንዳታስገቧት» ስላሉ ደፍሮ ግቢ ያላት የለም። ስሜነሽ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በመልስ።»

«በምን መልስ?»

«ማሽኑ በሚሰጠው መልስ፣ እትዬ። ሰው አንድ ብራና ማየት ሲፈልግ ፕሮግራሙ ማሽናችንን ይጠይቃል። የአብያተ ክርስቲያናቱ ተወካይ መሪጌታ ይታገሱ በስልካቸው ‹ፈቅጃለሁ› ይላሉ። ከዚያ ማሽኑ ለአንድ ሰዓት የሚሠራ ቁልፍ ይሰጣል፤ እሳቸው አልፈቅድም እስካላሉ ድረስ በየሰዓቱ ያድሰዋል። የተጣላነው ቁልፉ በምን መልክ ተጽፎ ይመለስ በሚለው ነው። ቃለሕይወት ሲጀምር ሁሉንም በአንድ መስመር ቀጣጥሎ ይልክ ነበር። ቁልፉ ውስጥ የመደመር ምልክት ሲኖር አንዳንዱ ፕሮግራም ባዶ ቦታ ነው ብሎ ያነበዋል፤ ያኔ ቁልፉ አይከፍትም። እኔ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ብቻ ይሁን አልኩ። ይህ አጻጻፍ እያንዳንዱን ነገር በቅንፍና በጥቅስ ለይቶ ያስቀምጣል።»

«ፈቃዱ ያው ነው፤ ወረቀቱ ነው የተለየ።»

«በቃ እንደዚያ ነው። ቃለሕይወት ግን ‹በአሮጌው የሚጠቀም አንድ ሰው ካለ በር አልዘጋበትም› እያለ ወር ሙሉ ሁለቱንም ሲመልስ ኖረ።»

«ዓርብ ዕለት ምን ብለሽ ጮኽሽበት?»

ማኅሌት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «‹ግትርነትህ ይገድልሃል።› ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ሰፈሩ ደግሞ ምን ሳይሰማ ቀርቶ ያውቃል! ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ እሺ አለ። የምናውቃቸው ፕሮግራሞች ሦስት ናቸው፤ የንባብ ቤቱ፣ የመሪጌታ ስልክና የፎቶ አንሺው የአዝመራው ምስል ማስገቢያ። ሦስቱንም ዓርብ ወደ ጄሰን ቀየርናቸው። ቅዳሜ ጠዋት መዝገቡን ስናይ ግን አሮጌውን መልስ አሁንም የሚወስድ ሌላ አለ። በየሰዓቱ፣ ልክ ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ይመጣል። የመሪጌታ ፈቃድ አለው፤ የማን እንደሆነ ግን አላወቅንም። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ላይ ይህን በሩ ላይ ለጠፈ።»

ከቦርሳዋ የማስታወቂያውን ቅጂ አወጣች። «ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አሮጌው መልስ ይዘጋል። የሚቸገር ካለ እስከዚያ መጥቶ ይንገረኝ» ይላል።

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ መሪጌታ፣ አዝመራው። ከዘበኛው ከአለሜ በቀር ሌላ ሰው ቅዳሜ አልመጣም።»

መሪጌታ ይታገሱ ድንኳኑ ጥግ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ጄሰን የሚሉትን ፈረንጅ አላውቀውም፣ ልጄ» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «ወር ሙሉ ስሙን ይጠራሉ፤ ይመጣል ይመጣል ሲሉ ቀረ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ቅዳሜ ከዝናቡ በኋላ ብራና ቤት ሄደዋል?»

«ሄጃለሁ። ከታች ሆኜ ተጣራሁ። ‹ሰው ይዣለሁ፣ ነገ ይምጡ› አለኝ። እኔ እንደሁ ያን ደረጃ ከፋሲካ ወዲህ አልወጣሁትም፤ ጉልበቴ!»

«የእኔም።»

«ታዲያ ነአኩቶ ለአብ ወርደሽ ጠበሉን አትጠመቂም?»

«ወርጄ ማን ያወጣኛል፣ መሪጌታ? ስልኩን ግን ራስዎ ነዎት የሚነኩት?»

«በየት ዓይኔ? ማኅሌት ካለች እሷ፣ አዝመራው ካለ እሱ ያነብልኛል። እኔ ‹ይሁን› እላለሁ፤ እነሱ ይነኩታል።»

አዝመራው ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሟቹን ምስል ለድንኳኑ እያጎላ ነበር። ዓይኑ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። የስሜነሽን ሠርግ ያነሳው እሱ ነው፤ ግማሹ ሚዜ ጭንቅላት የለውም። መብራቱም ሳጥኑም መጋረጃውም አቧራ ጠጥቷል። ከበሩ ጀርባ የተደገፈው ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ብቻ ያብረቀርቃል።

«ቅዳሜ ከዝናቡ በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ወንድሜን ነው እኮ ያጣሁት፣ እትዬ ስሜነሽ።»

«ነፍስ ይማር። ስለዚያ መልስ ምን ትላለህ? ይዘጋ ይቆይ?»

«እኔን አይነካኝም፤ የእኔ ወደ አዲሱ ዞሯል። ግን የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ የእጁን ሥራ ማፍረስ ነውር አይደለም? እስከ አርባው እንኳ ባለበት ይቆይ። ለማኅሌት እርስዎ ቢነግሩልኝ።»

«እውነትህን ነው» አለች ስሜነሽ። «ለሰሚው ነውር ነው።»

ሰኞ ማለዳ ማሽኑ ፊት ከማኅሌት ጋር ተቀመጠች። ጫማዋን አውልቃለች፤ ለብራናው ክብር ብቻ ግን አልነበረም።

«ሦስት ሰዓት ሲሆን አሮጌውን ዝጊው።»

«አዝመራው እስከ አርባው አትንኩት እያለ ለለቀስተኛው ሁሉ...»

«ሰምቻለሁ። ዝጊው። ለማንም አትንገሪ። የሚደውል ካለ ‹ምንም አልነካሁም› በይ።»

ማኅሌት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጋችው። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ያ የማይታወቀው ደንበኛ መጣ፣ ቁልፍ ጠየቀ፣ ተከለከለ። ስሜነሽ ወንበሯ ላይ ዓይኗን ጨፍናለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ የማኅሌት ስልክ ጮኸ። ልጅቷ አዳመጠች፤ «ኧረ ምንም አልነካሁም» አለችና ዘጋችው።

ስሜነሽ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ሰዓቱን ጻፊ። ከዚያ ሦስቱንም ወንዶች ጥሪልኝ።»

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ደረጃው ግርጌ ተሰበሰቡ። መሪጌታ ተቀመጡ፤ ማኅሌት፣ አዝመራውና አለሜ ቆሙ። ስሜነሽም የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ቆሜ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅር በሉኝ። ቃለሕይወት የሞተው ከዝናቡ በኋላ ነው፤ ልብሱ ደረቅ ነበር። በእግሩም አልወረደም፤ ካልሲው አልረጠበም። ላይ በማጅራቱ ተመትቶ ተጣለ። የጣለው ሰው ወድቆ ሞተ እንድንል ፈልጓል፤ ግን ጫማውን ሳያደርግለት ቀረ። ለምን? እዚያ ክፍል ውስጥ ሰውን ያለ ጫማ ማየት ስለለመደ። መንገደኛ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፍበት እግሩ ነበር።»

«ከእኛ አንዱ ነው እያልሽ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ነው፣ አባቴ። እርስዎ ደረጃውን አይወጡም። ማኅሌት ወር ሙሉ ይዘጋ ብላ ተከራክራ ቅዳሜ እሺ ተባለች። የፈለገችውን ያገኘች ሴት ምን ቆርጧት ትገድላለች? ሊገድል የሚችለው ሲዘጋ የሚጎዳው ነው። እሱ ማን እንደሆነ ደግሞ መዝገቡ አይናገርም።»

ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

«አባቴ ብልባላ ላይ የውሃ አባት ነበር፤ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍል። ውሃ ሲሰረቅ ሌባ ፍለጋ አይዞርም። ቦዩን ከላይ ይዘጋና ጥላ ሥር ይቀመጣል። አንዱ እየሮጠ መጥቶ ‹ውሃው ለምን ቆመ?› ሲለው፣ ‹አንተ ምን አስጨነቀህ፣ ተራህ እኮ ሐሙስ ነው› ይለዋል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ እኛም ዘጋን። ማኅሌት፣ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ማን ደወለ?»

«አዝመራው» አለች ማኅሌት መሬት መሬት እያየች። «‹ማሽኑን ነካካሽው እንዴ? መልስ እምቢ ብሏል› አለኝ።»

«የእኔ ፎቶ አልገባ ብሎ...» አለ አዝመራው።

«የአንተ ፎቶ ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ከተዘጋ በኋላም ገብቷል። በጄሰን ነው የምትሠራ። አሮጌው መቆሙን ማንም አልነገረህም፤ ታዲያ ማን ነገረህ? እስከ አርባው አትንኩት ያልከውም አንተ ብቻ ነህ። አቧራ በጠጣው ቤትህ ውስጥ የታጠበው ዕቃ አንድ ነው፤ የካሜራ ማቆሚያህ።»

አዝመራው መሪጌታን አየ፤ ከዚያም እሳቸውን ማየት ተወ።

«ውጭ አገር ላለ ሰው ምስሎቹን እሰጥ ነበር» አለ። «ፕሮግራሙን የሠራልኝ ሰውዬ አገር ጥሎ ሄዷል፤ ወደ አዲሱ መቀየር አልቻልኩም። ወረቀቱ የሚቸገር ይንገረኝ ይላል፤ ሄጄ ነገርኩት። ‹እስከ ሰኞ ጊዜ አለህ፣ ለመሪጌታ አንተው ንገራቸው› አለኝ። አልተቆጣኝም እኮ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ።»

«በእኔ እጅ ነዋ የፈቀድክ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «‹የወልድያ ተማሪ ነው› ብለህ ያነበብክልኝ።»

አዝመራው እጆቹን ወደ ስሜነሽ ዘረጋ።

ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው መጣ። ስሜነሽ ለአለቃዋ «ሰው ልኬያለሁ፤ እርስዎ ያሉትን ግን አይደለም» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ማኅሌትን አስከትላ ወደ ሣልስቱ ሄደች።

በላሊበላ ወሬ ከባጃጅ ይቀድማል፤ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ሁሉንም ሰምተዋል። ማኅሌት ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ እግሯ ተያዘ።

«ምን ገተረሽ?» አሉ እናት።

«አትግባ ብለዋል እኮ፣ እማማ።»

«ብዬ ነበር። አሁን ደግሞ ነይ እያልኩሽ ነው። ደክሞኛል ልጄ፤ ሁለት ጊዜ አታስጠሪኝ።»

ማኅሌት ገብታ ጭናቸው ላይ ተደፋች፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ያጠራቀመችውን ለቅሶ እዚያ አወረደችው። እናት ጀርባዋን እየዳበሱ ከእሷ ጋር አለቀሱ።

ስሜነሽ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። አንዷ «አይ፣ ይህች ደግሞ ሐዘኑ እንዴት ገብቷታል!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ጠጋ ብላ ስታይ ኢንስፔክተሯ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ተዉአት» አሉ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ። «ሰው ሁሉ እስኪወጣ አትቀስቅሷት።»